የእንጨት ፊደል ጠባሳ

በቴነሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ የሚገኘው ሃች ሾው ፕሪንት ማተሚያ ቤት መደርደሪያዎቹ በፊደል የተሞሉ ናቸው። የእንጨት ፊደል ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀለም ሲጠጣ የኖረው ገጹ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተሸርፏል፣ አንዳንዱም መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል። አታሚዎቹ ግን አርጅቷል ብለው አይጥሉትም። ዛሬም ከመደርደሪያው አውርደው፣ ቃል አድርገው ደርድረው፣ ቀለም ቀብተው ያትሙበታል። ከማሽኑ በሚወጣው ፖስተር ላይ ደማቁ ፊደል ሙሉ ለሙሉ አይሞላም፤ እዚህም እዚያም ነጭ ነጠብጣብ፣ ጭረት፣ የተቆረሰ ማዕዘን ይታይበታል።

በኮምፒውተር የሚሠሩ፣ የተፋቀና የተሸራረፈ መልክ ያላቸው ደማቅ ፎንቶች ዛሬ ለቁጥር ያዳግታሉ። የሙዚቃ ድግስ ማስታወቂያ፣ የቡና ማሸጊያ፣ የቲሸርት ደረት፣ የፊልም ርዕስ፣ የጦርነት ታሪክ መጽሐፍ ሽፋን ሁሉ ይጠቀምባቸዋል። አብዛኞቹ እንደ ሃች ያሉ ቤቶች መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ፊደል ትዝታዎች ናቸው። አንዳንዶቹ የሚያስታውሱትን ነገር በደንብ ያውቁታል፤ አንዳንዶቹ ግን ጠባሳውን ብቻ ይዘው፣ ጠባሳው የመጣበትን ሥራ ረስተውታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ በግልጽ ይታያል።

የእንጨት ፊደል ነገር የተጀመረው በክብደት ችግር ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ከተሞች ነጋዴው፣ አጫራቹ፣ የመርከብ ድርጅቱ፣ የቴአትር ቡድኑ ሁሉ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ጀመረ። መንገደኛ ከሩቅ እንዲያነበው ፊደሉ ትልቅ መሆን ነበረበት። የማተሚያ ፊደል የሚሠራው ደግሞ ከእርሳስ ቅይጥ ነበር። እርሳስ ሲተልቅ ይከብዳል፣ ዋጋው ይንራል፣ ቀልጦ ሲቀዘቅዝም ገጹ እኩል ስለማይረጋ ይጎደጉዳል። በ1827 እ.ኤ.አ. ዳርየስ ዌልስ የተባለ የኒው ዮርክ አታሚ በፍጥነት የሚሽከረከር መቁረጫ ተጠቅሞ ከእንጨት ፊደል በብዛት የሚቀረጽበትን ዘዴ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያውን የእንጨት ፊደል ካታሎግ አወጣ። በ1834 ደግሞ ዊልያም ሌቨንወርዝ ይህን መቁረጫ ከፓንቶግራፍ ጋር አጣመረው። ሠራተኛው አንዱን ሞዴል በእጁ ሲከተል፣ ማሽኑ ያንኑ ቅርጽ በፈለገው መጠን እያሳደገ ወይም እያሳነሰ ይቀርጽለት ጀመር።

ለዚህ ሥራ የተመረጠው ጠንካራው የሜፕል እንጨት ነበር። ግንዱ እንደ ጣውላ በቁመቱ አይሰነጠቅም፤ በአግድም ይቆረጥና የዕድሜ ቀለበቱ የሚታይበት ገጽ ወደ ላይ ይሆናል። በዚህ በኩል እንጨቱ የማሽኑን ጫና ይችላል፣ መቁረጫውም በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄድ ጠርዙን አይበጣጥሰውም። የእያንዳንዱ ፊደል ቁመት ከእርሳሱ ፊደል ጋር እኩል መሆን ስላለበት ወደ 23.3 ሚሊ ሜትር ተደርጎ ይስተካከላል። ከዚያ ትንሽ ያነሰ ፊደል ቀለም አይደርሰውም፤ ትንሽ የበለጠው ወረቀቱን ይበሳል።

በ1880 በዊስከንሰን ግዛት ቱ ሪቨርስ በተባለች ትንሽ ከተማ ጄምስ ኤድዋርድ ሃሚልተን የራሱን የፊደል ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ያደርግ የነበረው ከስስ የሆሊ እንጨት ፊደሉን ቆርጦ በሌላ እንጨት ላይ ማጣበቅ ነበር። ዋጋው ረከሰ፣ ገበያው ሰፋ። ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ የሃሚልተን ፋብሪካ በአሜሪካ የእንጨት ፊደል ገበያውን ተቆጣጥሮት ነበር። በየትንሹ ከተማ ያለ ማተሚያ ቤት ሁሉ በመሳቢያው ውስጥ የቱ ሪቨርስን ፊደል ይዞ ተገኘ።

ከፋብሪካ ሲወጣ ፊደሉ አንዲት ጭረት አልነበረችበትም። ይህን መርሳት አይገባም። ያ ሁሉ ጠባሳ በኋላ የመጣ ነው፤ እያንዳንዱም ምክንያት አለው። ፊደል ለቃሚው ሲቸኩል ከእጁ ያመለጠው ፊደል ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ማዕዘኑን ይሰብራል። በደንብ ሳይጠረግ የተቀመጠው በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ቀለም ይደርቅበትና በሚቀጥለው ኅትመት አዲሱ ቀለም እኩል አይዝለትም። በእርጥበት ያበጠው ከጎረቤቱ ከፍ ይላል፣ በሙቀት የተኮማተረው ዝቅ ይላል። ዝቅ ያለውን ለማስተካከል አታሚው ከሥሩ ወረቀት ያነጥፋል፤ ወረቀቱ ካነሰ ፊደሉ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል።

ደግሞ ሁሉም ፊደል እኩል አይጎዳም። በእንግሊዝኛ እንደ ኢ እና ኤ ያሉት በየቃሉ ስለሚገቡ ቶሎ ያረጃሉ። ዜድ እና ኪው አልፎ አልፎ ብቻ ከመሳቢያቸው ስለሚወጡ ከስንት ዓመት በኋላም ጠርዛቸው ስል ነው። በአንድ ፖስተር ላይ ያረጀና ያላረጀ ፊደል ጎን ለጎን ቆሞ ሲታይ፣ የዚያ ማተሚያ ቤት የሥራ ታሪክ እዚያው ወረቀት ላይ አለ። ይህ አድልዎ የእውነተኛ እርጅና ዋነኛ ምልክት ነው።

የተጎዱ ፊደላት አብዛኛውን ጊዜ ደማቅ መሆናቸውም ምክንያት አለው። ቀጭን መስመር ያለው ፊደል አንዴ ከተመታ እግሩ ወይም አንገቱ ይቆረጥና ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ሥጋ ያለው፣ ወፍራሙ ግን ብዙ ተሸርፎም ማንነቱን አያጣም፤ ከሩቅ የሚያነበው ሰው ሳይቸገር ያውቀዋል። ስለዚህ ከመቶ ዓመት አገልግሎት በኋላ በመሳቢያ ውስጥ የተረፈው በብዛት ወፍራሙ ሆነ። የኋላ ዘመን ዲዛይነሮች ያረጀ ፊደል ሲሉ በዓይነ ኅሊናቸው የሚመጣውም እሱ ነው።

ሃች ሾው ፕሪንት የተመሠረተው በ1879 ነው። ቻርልስ እና ኸርበርት ሃች የተባሉ ወንድማማቾች ከፈቱት። የመጀመሪያ ሥራቸው ሄንሪ ዋርድ ቢቸር የተባለው ዝነኛ ሰባኪ ናሽቪል መጥቶ ለሚሰጠው ንግግር የተዘጋጀ ማስታወቂያ ነበር። ቀጥሎ ሰርከሱም፣ ተጓዥ ቴአትሩም፣ በመጨረሻም ሙዚቃው ወደዚህ ቤት መጣ። በ1920ዎቹ የቻርልስ ልጅ ዊል ሃች ሥራውን ሲረከብ የናሽቪል የሬዲዮ ሙዚቃ እየገነነ ነበር። ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ዘፋኞች፣ እነ ሃንክ ዊልያምስ፣ እነ ጆኒ ካሽ ስማቸው በነዚያ ወፍራም ፊደላት ታትሞ በየከተማው ግድግዳ ተለጠፈ። አንድ ዘፋኝ የሚዘፍንበት ቀን ካለፈ በኋላ ፊደሉ ይበተናል፣ ይጠረጋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ዘፋኝ ስም ይሰለፋል። የአንዱ ኮንሰርት ጭረት በሌላው ስም ላይ ይታተማል።

ከዚያ የኦፍሴት ኅትመት መጣ። ፎቶግራፍ፣ ፊልምና ስስ የብረት ሳህን የእንጨቱን ፊደል ከሥራ አስወጡት። ብዙ ማተሚያ ቤቶች መሳቢያዎቻቸውን ሸጡ፤ ፊደሉን ለማገዶ ያነደዱም ነበሩ። ስንት የሚያምር ቅርጽ እንዲህ አመድ እንደሆነ ማሰብ ለሙያው ሰው ሁሉ ያንገበግባል።

ከእሳቱ ያተረፉት ጥቂት ግትር ሰዎች ናቸው። በሚኒያፖሊስ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ሮብ ሮይ ኬሊ የእንጨት ፊደላትን ከየቦታው እየሰበሰበ ለተማሪዎቹ መለማመጃ አደረጋቸው። ታሪካቸውን ሲያጠና ቆይቶ በ1969 ስለ አሜሪካ የእንጨት ፊደል የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ ስብስቡም ዛሬ በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ሃች ሾው ፕሪንትን ደግሞ በ1984 ጂም ሼራደን ተቀላቀለው። የሼራደን እምነት ግልጽ ነበር፤ ፊደሉ የሚጠበቀው እየታተመበት ነው። ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ከመዝጋት ይልቅ ሥራ ላይ አቆየው። በ1992 ማተሚያ ቤቱ በካንትሪ ሙዚቃ ፋውንዴሽን ሥር ሆነ፤ ዛሬም ያትማል።

ኮምፒውተር ወደ ዲዛይን ቤቶች የገባው ይህ ሁሉ እየሆነ ሳለ ነው። በ1990 አዶቤ ከአሮጌ የእንጨት ፊደላት የተቀዱ ፎንቶችን አወጣ። ጁኒፐር፣ ኮተንውድ፣ ፖንደሮሳ እየተባሉ በዛፍ ስም ተጠሩ። ቅርጻቸው ታማኝ ነው፤ ጠርዛቸው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ንጹሕ ነው። የፊደሉ የልደት ቀን ተቀዳ፣ ዕድሜው ቀረ።

ዕድሜውን ወደ ኮምፒውተር ካስገቡት ሰዎች መካከል ሁለት የሆላንድ ወጣቶች ይገኙበታል። በሄግ የሮያል ኪነ ጥበብ አካዳሚ የተማሩት ዩስት ፋን ሮሱም እና ኤሪክ ፋን ብሎክላንድ ነገሩ የከነከናቸው በኮምፒውተር የሚወጣው ፊደል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነበር። በእንጨትም ሆነ በእርሳስ ሲታተም ሁለት ፊደላት ፈጽሞ አንድ አይሆኑም። ስለዚህ ቤኦዎልፍ የተባለውን ፎንት ሲሠሩ ፖስትስክሪፕት የተባለውን የኅትመት ቋንቋ የመስመር መሳያ ትእዛዝ ለውጠው የፊደሉ ነጥቦች በታተሙ ቁጥር በዘፈቀደ እንዲንቀሳቀሱ አደረጉ። በአንድ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ የተጻፈ ፊደል አሥር ዓይነት ሆኖ ይወጣል። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ኪነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሞማ፣ በ2011 ለስብስቡ ከመረጣቸው 23 ፎንቶች መካከል ይኸው ቤኦዎልፍ አለበት።

በ1992 ፋን ሮሱም አንድ ቤተሰብ ሙሉ ፎንቶችን ከዕለት ተዕለት ዕቃዎች ቀዳ። ካርቶን የተባለው በዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ላይ በስቴንስል፣ ማለትም በተቆረጠ ሉህ ቀዳዳ በኩል፣ ከሚቀባ ጽሑፍ የመጣ ነው። ፍላይትኬዝ የሙዚቀኞች መሣሪያ በሚጓዝበት ሣጥን ላይ ከሚጻፈው ተወሰደ። ስታምፕ ጎቲክ ደግሞ ከጎማ ማኅተም ነው። ይህን የመጨረሻውን የአዲስ አበባ ሰው ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ደረሰኝ ላይ ያረፈ «ተከፍሏል» የሚል ሐምራዊ ማኅተም በአንድ በኩል ቀለም ጠግቦ በሌላው ሲደበዝዝ፣ ጠርዙ ላይ የጎማው ድንበር ሲታተም ያላየ የለም። ከፋን ሮሱም ፎንቶች ጥንካሬ አንዱ ይህ ነው። ጉዳቱን ከራሱ አልፈጠረም፤ ከሚያውቀው ዕቃና ከሚያውቀው የእጅ ሥራ ወሰደው።

የፋን ብሎክላንድ ትሪክሲም ከዚሁ ወገን ነው። ከአሮጌ የጽሕፈት መኪና፣ ከቆሸሸው የብረት ፊደሉና ከተበላው ሪባኑ ጋር ተቀድቶ በ1991 ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ዘ ኤክስ ፋይልስ» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲጠቀምበት በዓለም ታወቀ። የተደበቀ የመንግሥት ሰነድ፣ በሌሊት የተተየበ ማስታወሻ ያስመስላልና ለታሪኩ ልክ ሆነ።

በዚያው አሥርት ዓመት ሸካራው ፊደል ፋሽን ሆነ። ዴቪድ ካርሰን ከ1992 ጀምሮ ዲዛይን ያደረገው ሬይ ገን የሙዚቃ መጽሔት ፊደልን እየቆራረጠ፣ እየደራረበ፣ እያደበዘዘ አንድ ትውልድ ዲዛይነር ማረከ። በ1995 ካይል ኩፐር ለ«ሰቨን» ፊልም የመክፈቻ ጽሑፉን በእጅ፣ በፊልሙ ቆዳ ላይ እየቧጨረ ሠራው። የነፍሰ ገዳዩን የተረበሸ አእምሮ ተመልካቹ ታሪኩ ሳይጀመር በፊደሉ ውስጥ ያየዋል። ሁለቱም ሥራዎች ጠባሳው ከታሪኩ ጋር የተጣበቀባቸው ናቸው። ብዙዎቹ አስመሳዮቻቸው የወሰዱት ግን ላዩን ብቻ ነው። በ2000ዎቹ ብሊዲንግ ካውቦይስ የተባለው በነፃ የሚገኝ ፎንት ከመጠጥ ቤት ሰሌዳ እስከ ጥፍር ቀለም መሸጫ ድረስ ሲለጠፍ፣ ያ ጭረት የማንን ድካም እንደሚያስታውስ የሚጠይቅ አልተገኘም።

የአስመሳይነቱ ቀላሉ መታወቂያ የተደጋገመ ቁስል ነው። አንድ ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚገባ ፊደል ካለ፣ ሁለቱም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቅርጽ ከተሸረፉ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ጥሩ የፎንት ሠሪዎች ለዚህ መፍትሔ አላቸው። ኦፕንታይፕ የተባለው የፎንት ቴክኖሎጂ ለአንድ ፊደል ብዙ መልክ ማስቀመጥና ጎን ለጎን ሲመጡ በራሱ ማፈራረቅ ያስችላል። ትሪክሲም በ2008 ሲታደስ ለእያንዳንዱ ፊደል ብዙ አማራጮች ተጨመሩለት።

ሌላው ጉዳይ መጠን ነው። ለትልቅ ፖስተር የተሠራ ጭረት በስልክ ስክሪን ላይ ሲያንስ ይደፈንና ፊደሉ የቆሸሸ ብቻ ይመስላል። ለትንሽ የተሠራው በግድግዳ ልክ ሲለጠጥ ነጠብጣቡ የቀለጠ ሰም መስሎ ያብጣል። ይህን ፊደል የሚያውቁ ዲዛይነሮች ከአንድ እስከ አምስት ቃል ለሚሆን ርዕስ ብቻ ይመርጡታል፤ አጠገቡ ያለውን ቀንና ቦታ የሚናገር ጽሑፍ በንጹሕና ቀጥተኛ ፊደል ያኖሩታል። ከሥሩ ያለው ወረቀትም ጸጥ ያለ መሆን አለበት። ያረጀ ፊደል ባረጀ ወረቀት፣ በተቃጠለ ጠርዝና በቀለም ፍንጣቂ ከተከበበ የትኛው እንደሚናገር አይለይም። ቲሸርት ላይ ግን ጸጋው ልዩ ነው። በሲልክ ስክሪን የታተመ ጽሑፍ በእጥበት ብዛት መሰነጣጠቁ አይቀርም፤ አስቀድሞ የተሰነጣጠቀ ፊደል ይህን ዕጣ አብሮ ይቀበለዋል።

በቱ ሪቨርስ የሃሚልተን ስም ዛሬ የሚኖረው የእንጨት ፊደልና የኅትመት ሙዚየም ሆኖ ነው። በ1999 የተከፈተው ይህ ሙዚየም ከአንድ ሚሊዮን በላይ የእንጨት ፊደላት አሉት፤ አዳዲሶችንም ይቀርጻል። ቨርዳናና ጆርጂያ የተባሉትን ፎንቶች የሠራው ማቲው ካርተር ለዚሁ ሙዚየም አዲስ የእንጨት ፊደል ነድፎ ተቀርጾለታል። ፊደሉም ቫን ላነን ተብሏል። ለዓመታት በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያለ እንከን የሚነበብ ፊደል የሠራ ሰው ቅርጹን ለመቁረጫና ለሜፕል አሳልፎ መስጠቱ ለዚህ ሙያ ትልቅ ክብር ነው።

ይህ ሁሉ የላቲን ፊደል ታሪክ ነው። የግእዝ ፊደልም በእርሳስ ተለቅሞ የታተመበት ረጅም ዘመን አለው። በ1914 ዓ.ም. በተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚዎች ከሃያ ስድስት ይልቅ ከሁለት መቶ በላይ ቅርጾችን በሣጥን ለይተው ይሠሩ ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር የተጎዳ ደማቅ የአማርኛ ፎንት መሥራት የሚፈልግ ዲዛይነር ያንኑ ብዛት ይወርሳል፤ ከዚያ የባሰ አደጋም አለበት። በላቲን አንድ ማዕዘን ቢሸረፍ ብዙውን ጊዜ ፊደሉ ያው ነው። በአማርኛ ግን ድምፁ ያለው በትንሿ ቅጥያ ላይ ነው። በላ፣ ቡላ፣ ቢላ፣ ባላ፣ ብላ የሚለዩት በአንዲት እግር ወይም በአንዲት ሰረዝ ነው። ከሸ አናት ላይ ያለው መስመር ከተፋቀ ሸማ ሰማ ይሆናል። ዐ ላይ በአግድም ያለፈ ጭረት ፀ ያስመስለዋል።

ስለዚህ የላቲኑን ጭረት እንዳለ አምጥቶ በግእዝ ላይ ማንጠፍ አይሠራም። ካዕብንና ሣልስን፣ ኃምስንና ሳድስን የሚለየውን ቦታ መጠበቅ፣ ጉዳቱን ሥጋ ባለው በፊደሉ ገላና በወፍራሙ እግር ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ስቴንስልም የራሱ ጥያቄ አለው። ወደ ውጭ የሚላከው ቡናችን በ60 ኪሎ ጆንያ ሲጫን በላዩ የሚቀባው የላቲን ጽሑፍ ይህን መልክ ለዓለም ቡና ቤቶች አስለምዷል። ያንን በአማርኛ የሚሞክር ሰው ግን የመ እና የወ ክቦች መሐላቸው ወድቆ እንዳይቀር ድልድይ ማበጀት አለበት፤ ድልድዩም ፊደሉን ሌላ እንዳያስመስለው መጠንቀቅ አለበት።

ወደ እውነተኛ ያረጀ የአማርኛ ፊደል የሚወስደው መንገድ ደግሞ ቅርብ ነው። በአዲስ አበባ የእንጨት ሥራ ቤቶች በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ በር ላይ ሐረግ ይቀርጻል። ያው መቁረጫ ሀሁን ከጠንካራ እንጨት መቅረጽ ይችላል። የተቀረጸው ለፖስተር፣ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለቴአትር ማስታወቂያ ደጋግሞ ይታተምበት፤ ይውደቅ፣ ይጠረግ፣ እንደገና ይሰለፍ። ከስንት ሥራ በኋላ ኅትመቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ በየዓረፍተ ነገሩ የሚመላለሱት ን፣ ው እና የ ደክመው፣ ጰ እና ዠ ስል እንደሆኑ ይገኛሉ። ለእያንዳንዳቸው ከተለያየ ኅትመት የተወሰደ ሁለትና ሦስት መልክ ከተቀመጠ አንድ ቁስል አይደጋገምም። የመጨረሻው ፈተናም ቀላል ነው። በላ፣ ቡላ እና ቢላ የሚሉ ሦስት ቃላት በዚያ ፎንት ግድግዳ ላይ ተለጥፈው፣ ከመንገዱ ማዶ በታክሲ መስኮት የሚያይ ሰው ሳያምታታ ማንበብ አለበት።